ከዘጠነኛው ፓነል በፊት

ጌንሱኬ ኩራሞቺ ስልሳ አራት ዓመት ሞልቶታል። ዕድሜውን የፈጀው በብረት በቆሙ ሕንፃዎች ላይ ግድግዳ ሲገጥም ነው። ግድግዳው ያ ነጭ ቀላል ኮንክሪት ነው፤ ውስጡ እንደ ዳቦ በአየር ቀዳዳ የተሞላ፣ ቁራጩን ውሃ ላይ ቢጥሉት የሚንሳፈፍ። በኛ ሰፈር፣ ከሱሚዳ ወንዝ ማዶ፣ አንድ የእንጨት ቤት በፈረሰ ቁጥር በቦታው ብረት ይቆማል፤ ብረቱም ይህን ፓነል ይለብሳል። እሳት አይበላውም፤ ምድር ስትንቀጠቀጥም ከብረቱ ጋር አብሮ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። ሰዉ ይወደዋል። እኔ በበኩሌ መልኩ አይጥመኝም፤ ግን ማን ጠየቀኝ።

የዘንድሮውን የኅዳር ሥራ ሲሰጡት የቦታውን ካርታ አብረው ሰጡት። በኛ አገር የሰፈር ካርታ ላይ እያንዳንዱ ቤት የቤተሰቡ ስም ተጽፎበታል። ቦታው ሙኮጂማ ውስጥ ነው፤ የሩዝ ብስኩት የሚጋገርባት ዝቅተኛ ሱቅ ፈርሳ የቀረች አንዲት ጠባብ መሬት። በሰሜን በኩል ያለው ጎረቤት ላይ «አሪጋ» ይላል። ጌንሱኬ ካርታውን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፈም። ባቡር እንኳ ሲሳፈር በዚያ የሚያልፈውን ትቶ ዞሮ ነበር የሚሄደው። «ሌላ ሰው ፈልጉ» ሊል አፉን ከፈተና «መቼ እንጀምር?» አለ።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቱ ቶሞኤ የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ ሽማግሌው አሪጋ ለተማሪ ዩኒፎርም የሚሆን የብረት አዝራር የሚሠሩባት ትንሽ ወርክሾፕ ነበረቻቸው። ወንድ ልጅ ግን አልነበራቸውም። እንዲህ ያለ ቤት ሴት ልጁን ሲድር ሙሽራው የራሱን የቤተሰብ ስም ትቶ የሚስቱን ይወስዳል፤ ልጅም ወራሽም ይሆናል። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ነውር የለውም። ጌንሱኬ ግን የኒጋታ ገበሬ አንድያ ልጅ ነው። አባቱ «ስምህን ጥለህ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለውት ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ያስቸገረው የአባቱ ቁጣ አልነበረም፤ የገዛ ኩራቱ ነው። «ለሴት ብሎ ስሙን ለወጠ» መባልን ፈራ። መልሱን ቀርቦ ሊሰጥ በተቀጠረበት ቀን ቀረ፤ በማግስቱ በሥራ አለቃው እጅ የእምቢታ ደብዳቤ ላከ። በዓመቱ ሌላ ሰው የአሪጋን ስም ወስዶ ገባ። ጌንሱኬ ከዚያ ወዲህ አላገባም። ለጠየቀው ሁሉ «ሥራ በዛብኝ» ይላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር የሚያስረሳ ሥራ ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ግንባታ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት የተጠቀለለ ፎጣ ይዞ በጎረቤት ሁሉ መዞር ወግ ነው፤ ስለ ጩኸቱና ስለ አቧራው አስቀድሞ ይቅርታ ለመጠየቅ። የሥራው ኃላፊ «አለቃ፣ ትልቅ ሰው አብሮ ሲኖር ሰዉ ይታገሳል፤ እባክዎ አብረን እንዙር» አለው። የአሪጋዎች በር ላይ ሲደርሱ ጌንሱኬ ሄልሜቱን እስከ ቅንድቡ፣ የአቧራ ጭምብሉን እስከ ዓይኑ ሥር አድርጎ ከኋላ ቆመ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ስትራመድ ለአንድ ጉልበቷ ትሳሳለታለች። ፎጣውን በሁለት እጇ ተቀብላ «በብርድ ነው ሥራ የጀመራችሁት፤ በርቱ» አለች። ጌንሱኬን አየት አደረገችውና ወዲያው ወደ ኃላፊው ዞረች።

«ባለቤትዎንም ይቅርታ ብንጠይቃቸው ደስ ይለናል» አለ ኃላፊው።

«አርፈዋል። አራት ዓመታቸው። ልጄም ናጎያ ነው የምትኖረው፤ የምታስቸግሩት እኔን ብቻ ነው።»

ጌንሱኬ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አሁን ጣጣውን እዩልኝ። የቶሞኤ ቤት ያረጀ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። ፎቁ ላይ ወደ ደቡብ የሚያይ አንድ ሰፊ መስኮት አለው። የብስኩት ሱቋ ዝቅተኛ ስለነበረች በዚያ መስኮት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ትገባ ነበር፤ መንገዱም እስከ ማዕዘኑ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። አዲሱ ሕንፃ የሰሜን ግድግዳው የሚቆመው ልክ በዚያ መስኮት ፊት ነው፤ በመካከል ያለው ክንድ የማይሞላ ክፍተት ነው። ግድግዳው በያንዳንዱ ፎቅ ዘጠኝ ፓነል ይፈጃል። የአንዱ ስፋት ስልሳ ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከወለል እስከ ጣሪያ። ሥራው ከምዕራቡ ጥግ ተጀምሮ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። የቶሞኤን መስኮት የሚሸፍኑት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ናቸው፦ ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው።

ጌንሱኬ ይህን ከፕላኑ ላይ በጣቱ ቆጠረ። ዘጠነኛው ከመግባቱ በፊት ሊያናግራት ቆረጠ። ምን ሊላት? ጥፋቱ የሱ እንደነበረ፣ እስከ ዛሬም እንደሚያንገበግበው። ሌላ የምፈልገው የለም ይል ነበር ለራሱ፤ ራሱን መሸንገል ማን ይከለክለዋል። ከዘጠነኛው በኋላ ግን ሰበብም መስኮትም እንደማይኖረው አሳምሮ ያውቃል።

አብሮት የሚሠራው ዳይጎ ነው። አርባ አምስት ዓመቱ፣ የአኪታ ሰው፣ አፉ አያርፍም፤ ልቡ ግን ደግ ነው። ፓነል የሚያነሣውን ዊንች የሚይዘው እሱ ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ በሁለቱ ቤቶች መካከል መወጣጫ ማቆም አይቻልም፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ከውጭ ልቀባው ቢሉ እጅ አይገባም። ስለዚህ ፓነሉ ገና ወለል ላይ ሳለ የውጭ ፊቱ ውሃ የማያሳልፍ ግራጫ ቀለም ይቀባል። ሲደርቅ በዊንች ይነሣና ከውስጥ በኩል በቦልት ይታሰራል። ይህ ኮንክሪት ውሃ ጠጪ ነው፤ ሳይቀቡ ማቆም ለዝናብ አሳልፎ መስጠት ነው። በሙያው ያለ ሰው ይህን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል።

በመጀመሪያው ቀን፣ በቶሞኤ መስኮት ከፍታ ባለው ፎቅ፣ ስድስቱን አቆሙ። ረፋድ ላይ ለዕረፍት ሲቀመጡ መስኮቱ ተከፈተና ቶሞኤ ትሪ ይዛ ብቅ አለች፤ ሁለት ስኒ አረንጓዴ ሻይና መንደሪን። ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ክንዷን ዘርጋ ስታደርግ ትሪው ዳይጎ እጅ ላይ ደረሰ።

«እሜቴ፣ ፀሐይዎን ልንከለክል መጥተን ሻይ ያጠጡናል?» አለ ዳይጎ።

«ታዲያ ድንጋይ ልወርውርባችሁ? ስሞቃት ነው የኖርኩት። ይበቃኛል።»

«እኔ ብሆን ድንጋዩን ነበር የምመርጠው። አለቃዬ ዝም ስላሉ ደግሞ እንዳይቀየሙ፤ እሳቸው የሚያወሩት ከፓነል ጋር ብቻ ነው።»

«ይመልስላቸዋል?»

ዳይጎ በሳቅ ሻዩ ትን አለው። ጌንሱኬ ስኒውን ይዞ ጀርባውን ሰጠ፤ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ ግድግዳ ግድግዳ እያየ ጠጣ። ድምፅዋ ያው ነው። ትንሽ ሻክሯል እንጂ ነገር ስትወረውር መጨረሻው ላይ ከፍ የምታደርገው ያው ነው። ያን ቀን እስኪመሽ ጆሮው እዚያው መስኮት ላይ ዋለ። ሬዲዮ ስትከፍት ሰማ፤ ስትስል ሰማ፤ የታጠበ ልብስ ስታራግፍ ሰማ። እነዚህን ድምፆች በየቀኑ እየሰማ ማርጀት ይችል እንደነበር አሰበ።

በሁለተኛው ቀን ጧት ሰባተኛው ቆመ። የመስኮቷ ሲሶ ጨለመ። ቶሞኤ ወንበሯን ወደ ቀረው ብርሃን ሳብ አደረገችና ተቀመጠች። ጌንሱኬ ወንበሩ ወለሉ ላይ ሲንገጫገጭ ሰማ። በገዛ እጁ ፊቷ ላይ በር የዘጋባት መሰለው።

ስምንተኛውን ለመቀባት ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ነበር። ዳይጎ ገመድ ሊያመጣ ወርዷል።

«ጌታው» አለች ቶሞኤ ከማዶ።

ቀና አለ። መስኮቱ ላይ ተደግፋ ታየዋለች።

«ይህ ነገር ብርድ ይከላከላል ይሉኛል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ። ከመጣ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነበር፤ ጭምብሉ ድምፁን ስላፈነው ደስ አለው፤ ደግሞም አዘነ። «ውስጡ አየር ነው። የሰሜኑን ነፋስ ይይዛል፤ ድምፅም አያሳልፍም።»

«ድምፅም?»

«ድምፅም።»

«እንግዲያው መዶሻችሁንም ሆነ የሰውዬውን ቀልድ ከእንግዲህ አልሰማም» አለች። ቀጥላም «ዝምታ ግን ለምጃለሁ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

አሁን በላት፣ አሁን ተናገር! የለም። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ተክሎ፣ ባዶውን መስኮት እያየ፣ ዳይጎ ለምሳ እስኪጠራው ድረስ እንደ ጅብራ ተገትሮ ቀረ።

ከምሳ በኋላ ዳይጎ «አለቃ፣ ስምንተኛው ደርቋል?» አለ።

«ደርቋል፤ ሳበው።»

ዳይጎ ደግሞ አለቃው ደርቋል ካሉት በጣቱ ነክቶ የሚያረጋግጥ ሰው አይደለም። ዓይኑን ገመዱ ላይ ተክሎ ሳበ። የጌንሱኬ ዓይን ሌላ ቦታ ነበር። ሁለት ጎልማሳ ወንዶች ነጩን ነገር ነጭ እንደሆነ አቆሙት፤ በቱንቢ ለኩት፤ በቦልት አሰሩት። ከመስኮቱ አንድ ሲሶ ብቻ ቀረ፤ በዚያ የሚያልፈው የአንድ ሰው ትከሻ ነው።

ማታ ሳይደርስ፣ ዘጠነኛውን ሊያነሡ ገመድ ሲያስሩ፣ ቶሞኤ በቀረችው ክፍተት ራሷን ብቅ አደረገች።

«ይቅርታ፣ ሙያችሁን አላውቅም። ሌሎቹ ግራጫ ናቸው፤ ይቺኛዋ ለምን ነጭ ሆነች?»

ዳይጎ ገመዱን ለቀቀ። ጌንሱኬ በክፍተቱ አንገቱን አስግጎ አየ። ስምንተኛው እንደ አዲስ ጥርስ ፈጥጦ ቆሟል። ያን ፊት ከሷ በቀር በዓለም ላይ የሚያየው ሰው አልነበረም።

«አለቃ» አለ ዳይጎ ቀስ ብሎ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት አብሬዎት ሠርቻለሁ። አሞዎታል እንዴ?»

«አላመመኝም። አውርደው።»

«ማን ያየዋል ብለን ብንተወውስ? ቀልዴን ነው።»

«እኔ አየሁት» አለች ቶሞኤ ከማዶ።

ስምንተኛውን ፈትተው አወረዱ፤ ጌንሱኬ ቀባው። በማታ ብርድ ለመድረቅ ሌሊቱን ይፈጃልና የዚያን ቀን ሥራ በዚሁ አበቃ። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ሊያፍር ሲገባው እንደ ተማሪ ልቡ ይመታ ነበር። አንድ ጧት ተጨመረለታ።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ጺሙን ተላጭቷል፤ ጭምብሉን አላደረገም። ዳይጎ መጥቶ ፊቱን ልብ ብሎ አየ፤ ከዚያ መስኮቱ ሲከፈት ሰማና «ቦልት ረስቻለሁ፤ ወርጄ ላምጣ» አለ። የወገቡ ከረጢት ቦልት እስከ አፉ ሞልቶ ይንቀጫቀጫል።

ቶሞኤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። እጆቿን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳረፈች።

«ደረቀ?» አለች።

«ደርቋል።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትሠራ ኖረህ ቀለም ትረሳለህ፣ ጌንሱኬ?»

ስሙን ስትጠራው የብረቱን ቋሚ ያዘ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽኝ?»

«ፎጣውን ስታመጡ። ራስህን በሄልሜት የደበቅክ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ደጄ ድረስ የመጣኸው አንተ፣ ዝም የምትለው አንተ። እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ድካም ግን ነበረባት። «የቀለሙንም ገና ሲቆም ነው ያየሁት። እስኪመሽ ዝም አልኩ። ቀን ሳለ ብነግራችሁ በዕለቱ አስተካክላችሁ ትዘጉት ነበር።»

ጌንሱኬ የያዘውን ቋሚ ለቀቀ። «ያን ቀን መጥቼ ነበር» አለ። «አባትሽ የቀጠሩኝ ቀን። እስከ መንገዱ ማዕዘን መጣሁ። መብራትሽ በርቶ አየሁ። ከዚያ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ከዚህ መስኮት አይቼሃለሁ። ብዙ ቆምክ። ከዚያ ዞረህ ሄድክ።» እጆቿን አጣምራ ወደ ማዕዘኑ አቅጣጫ አየች፤ ማዕዘኑ ግን በሰባተኛው ፓነል ተጋርዷል። «አልጠራሁህም። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ኩራት ነበረብኝ። ይመለሳል አልኩ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ላማው አይገባኝም። ግን ልብስ ላሰጣ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ትናንት ግድግዳው እስኪጋርደው ድረስ።»

ጌንሱኬ ያጠናውን ንግግር ሁሉ ተወው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ፈርቼ ነው። ስሜን ሳይሆን ሰው የሚለውን ፈርቼ። ናፍቀሽኛል፣ ቶሞኤ። አንድም ቀን አልቀረም፤ በየሠራሁት ግድግዳ ላይ ናፍቀሽኛል።»

ቶሞኤ በመሐረቧ አፍንጫዋን ጠረገች። ከታች ዳይጎ ደረጃውን ሆን ብሎ እየረገጠ ሲወጣ ተሰማ።

«በል ዝጋው» አለች።

«ቶሞኤ…»

«ዝጋው። ሥራህ ነው። በመስኮት አሻግሬ ማየት ሰልችቶኛል።»

መስኮቱን ራሷ ዘጋችው። ጌንሱኬ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ተቀየመች ይሆን? ስንብት ይሆን? ሊጠይቃት መስተዋቱን ማንኳኳት ይችል ነበር፤ እጁ ግን አልነሣ አለው፤ ዳይጎም ደርሷል። ስምንተኛው ቆመ። ዘጠነኛው ተነሣ። የመጨረሻዋ ብርሃን ጠበበች፣ ጣት አከለች፣ ጠፋች። የሬዲዮዋ ድምፅ ቀድሞ ደከመ፤ ቀጥሎ ጭራሽ የለም። ይህ ፓነል ድምፅ አያሳልፍም ብሎ ለስንት ሰው አመስግኖ እንደነገረ ቆጥሮት አያውቅም። ያን ጊዜ ግን ጠላው።

በምሥራቁ ጥግ ለምድር መንቀጥቀጥ ተብሎ የሚተው የሁለት ጣት ክፍተት አለ፤ በለስላሳ ነገር ታጭቆ በሲሊኮን ይታሸጋል። ይህን ጌንሱኬ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ያን ቀን የሲሊኮኑን መሣሪያ አነሣ፤ አየው፤ ዳይጎ እጅ ላይ አኖረው።

«አንተ ጨርሰው።»

«እርስዎስ ወዴት ነው?»

«እዚህ፣ ጎረቤት።»

«እንዲህ አቧራ እንደለበሱ?»

«እንዲሁ።»

ዳይጎ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ደግነቱ ዘጋው።

የሁለቱ ቤቶች በሮች በተለያየ መንገድ ላይ ናቸው። ወደ እሷ በር ለመድረስ ወርዶ፣ ዞሮ፣ በዚያ ማዕዘን ማለፍ ግድ ነው። ጌንሱኬ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ እግሩ እንደ ጥንቱ ከበደው፤ ቆመ። ቀና ብሎ አየ። በዚያ በኩል መስኮት የሚባል የለም፤ በብረቱ መካከል የሚታየው በእጁ የገጠመው ግድግዳ ነጭ ጀርባ ብቻ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። አሁን ዞሮ ቢሄድ ቶሞኤ አታይም። ማንም አያይም። ነገ ሌላ ሥራ ይሰጡታል፤ «ሥራ በዛብኝ» ይላል፤ በዚሁ ያበቃል። እሷ ደግሞ ግድግዳ እያየች ይምጣ አይምጣ ሳታውቅ ትቀመጣለች። የምታሳዝነኝ እሷ ናት፤ እሱማ የእጁን ነው ያገኘው። ቆመ፣ ቆመ። ከዚያ እግሩን አንሥቶ ሄደ፤ ወደ በሩ።

ደወሉን ተጫነ።

«ማነው?» አለ ድምፅዋ ከፎቅ።

«እኔ ነኝ። ጌንሱኬ ነኝ።»

ጉልበቷን የሚያማት ሴት ደረጃ ስትወርድ ጊዜ ይፈጅባታል፤ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፣ ደግሞ አንድ። እያንዳንዱን ሰማ። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች፤ በእንጨቱ በኩል ትንፋሿ ይሰማዋል።

«ማዕዘኑ ላይ ቆመህ ነበር፣ አይደል?» አለች፤ ገና ሳትከፍት።

«ቆሜ ነበር።»

«አላየሁህም» አለች ቶሞኤ፤ ቁልፉንም አዞረች።